ለዳገት ከተማ የሚሆን ብስክሌት



የዚህ ምሽት አዘጋጆች ሲጋብዙኝ ያሉኝ ቃል አጭር ነው፤ «በከተማችን በጎንደር የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልግዛ የሚል ሰው በዝቷል፤ የቱ እንደሚሻለው ንገርልን»። የኤሌክትሪክ ሙያ አስተማሪ ነኝና እሺ አልኩ። የመጣችሁት የአንድ ፋብሪካ ስም ሰምታችሁ ለመሄድ ከሆነ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስም አልጠራም። ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ብስክሌቱን ከማየታችሁ በፊት ዳገታችሁን እዩ። በዚችው ዙሪያ ስመላለስ ነው የማመሸው።

እስቲ ከባሕር ዳር እንነሳ። እዚያ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ይሄዳል። እኛ ከእነሱ የምንርቀው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ጎንደሬ ለምን በእግሩና በባጃጅ ቀረ? ከታች ከጥምቀተ ባሕሩ ተነስቶ ላይ ፒያሳ ድረስ በእግሩ የወጣ ሰው መልሱን ጉልበቱ ይነግረዋል። ባሕር ዳር ጣና ዳር ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። አፄ ፋሲል መናገሻቸውን በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ካለው ጉብታ ላይ ሲያቆሙ ስለ ጠላትና ስለ ወባ አስበው ይሆናል፤ ስለ ብስክሌት ግን እንዳላሰቡ እርግጠኛ ነኝ። ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት የመጣው እንግዲህ ይህን የቆየ ልዩነት ሊያጠብ ነው።

የነዳጁን ነገር ለእናንተ አላወራም። ማደያ በር ላይ የሚያድረውን የባጃጅ ሰልፍ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ቤንዚን ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል፤ መብራቱ ግን ከጣና በለስ፣ ከተከዜ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከሕዳሴ ግድብ፣ ከገዛ ውሃችን ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሰው የሚሳሳተው ምርጫው ላይ ነው።

አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ኮርቻውንና ዛቡን አይተው ብር አይቆጥሩም ነበር። ሰኮናዋን ያያሉ፤ ሽቅብ ያስወጧታል፤ ቁልቁል ያስወርዷታል። እኛ ግን ብስክሌት ስንገዛ መብራቱን፣ ቀለሙንና መሪው ላይ የተለጠፈውን ስክሪን እያየን ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ፣ ወደ ዳገቱ እንግባ። ብዙ ጊዜ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ አየር ይሳሳል፤ ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛ ያህል፣ ደባርቅ ላይ ከሩብ በላይ። የቤንዚን ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ባጃጅ ዳገት ላይ የሚያቃስተው ስለ ጭነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የነበረው ጉልበት ደባርቅም ላይ ያው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ደገኛ መሆን ለአንድ ጊዜ እንኳ ያዋጣን እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ስንት ዋት ይበቃል? እስቲ አብረን እናስላ። የተሳፋሪው ክብደት 65 ኪሎ፣ የብስክሌቱ 25፣ የዕቃው 10 ይሁን፤ ድምሩ 100 ኪሎ። መንገዱ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው እንበል፤ ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ ሞልቷል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ለመውጣት ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 270 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጥረው ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠውን፣ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሲኬድ የማይረዳውን ነው። እንዲህ ያለው ብስክሌት እናንተም ፔዳሉን ከረገጣችሁ የጎንደርን ዳገት ይወጣል፤ ካልረገጣችሁ መሀል ላይ ይቆማል። ከኋላ 60 ኪሎ ጤፍ ወይም አንድ ጓደኛ ብትጨምሩስ? 270ው ወደ 435 ይወጣል። ያኔ ከ500 ዋት በታች ያለው ሞተር ለእናንተ አይሆንም።

አንድ ነገር ጠይቁ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ሞተሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ነው ወይስ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ? ብዙ ሻጭ የሚነግራችሁ ጣሪያውን ነው። ለዳገት የሚያስፈልገው ግን የማያቋርጠው ነው፤ ከጥምቀተ ባሕሩ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ በጥቂት ሰከንድ አያልቅም።

በዚያው ዳገት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ጓደኛውን ከኋላ አፈናጦ ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱም ፔዳል አይነኩም፤ የእጅ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞታል። ብስክሌቱ ግን በእግር ከሚሄደው ሰው እኩል ይንፏቀቃል። ጥቂት ቆይቶ ቀጥ አለ። ጠጋ ብዬ የኋላውን ቸርኬ መሀል፣ ሞተሩ ያለበትን፣ በእጄ ነካሁት፤ ወዲያው ነው እጄን የሰበሰብኩት። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ይሸታል። ልጁ «ባትሪው አለቀ» ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ነው።

ምን ሆነ? ሞተሩ ቸርኬው መሀል ሲቀመጥ ቸርኬው በዘገየ ቁጥር ሞተሩም ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ከባትሪው ከሚመጣው ኃይል ብዙው መዞሩን ትቶ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ቸርኬ ውስጥ ሞተር ያለውን የገዛችሁ ሰዎች ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ እርምጃ ከመውረዱ በፊት በእግራችሁ አግዙት፤ ካቃተው ውረዱና ግፉት። ሌላው ዓይነት ሞተር የሚቀመጠው ከመሀል፣ ፔዳሉ ዘንግ ላይ ነው። ኃይሉ የሚተላለፈው በካቴናና በማርሽ ስለሆነ ቸርኬው ቀስ ቢልም ሞተሩ በፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል፤ በቀላሉም አይግልም። ዕዳው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ዋጋው ይወደዳል፤ ካቴናውንና ጥርሶቹን ቶሎ ይበላል።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ብቻውን የሚሄድ፣ ቤቱም ሥራውም ከዋናው መንገድ ያልራቀ የከተማ ሰው ቸርኬ ውስጥ ባለ 500 ዋት ሞተር ይጠቀም፤ ርካሽ ነው፣ ለመጠገንም አያስቸግርም። ቤቱ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚወጣ ሰው፣ ደባርቅና ዳባት ላይ የሚኖር ሰው ግን ትንሽ ታግሶ፣ አጠራቅሞ፣ ባለ መሀል ሞተሩን ቢገዛ አይቆጭም።

ሁለተኛው ነጥብ ሥራችሁ ነው፤ ይህን በአጭሩ ላልፈው። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚማር ልጅ፣ አዘዞ እያደረች ሆስፒታል የምትሠራ ነርስና ቅዳሜ ገበያ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ አንድ ዓይነት ብስክሌት ሊገዙ አይገባም። ልጁ ቀላል የሆነውን ይምረጥ፤ ደረጃ ላይ ተሸክሞት ይወጣልና። ነርሷ ባትሪው በቂ የሆነውን። ነጋዴው ደግሞ የኋላ ጭነት መያዣው ከፍሬሙ ጋር የተበየደውን እንጂ በብሎን የተንጠለጠለውን አይግዛ። የጭነቱ ልክ ተጽፎ ካላገኘ አይጫንበት።

ሦስተኛው ነጥብ ባትሪ ነው። የብስክሌቱ ዋጋ ትልቁ ድርሻ እዚህ ላይ ነው፤ ማታለልም የሚበዛው እዚሁ ነው።

ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 100 ኪሎ ሜትር» ይላችኋል። አልዋሸ ይሆናል። ያ 100 ኪሎ ሜትር ግን የተለካው ሜዳ ላይ፣ ቀለል ያለ ሰው ተቀምጦበት፣ ሞተሩ በትንሹ እየረዳ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ጎንደር ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ባትሪው ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፤ ቮልቱንና አምፒር-ሰዓቱን። አባዟቸው። 36 ቮልትና 10 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 360 ዋት-ሰዓት ነው፤ 48 ቮልትና 15 ከሆነ 720 ነው። ማጠራቀሚያው የሚይዘው ይህንን ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።

አሁን የአዘዞዋን ነርስ እንውሰድ። ከአዘዞ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ደግሞ ወደ 200 ሜትር ይጨምራል። ሜዳ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ያዙ። 100 ኪሎ ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ደግሞ ከባትሪው 35 ዋት-ሰዓት ገደማ ይወጣል። መውጣቱ 120ና 70፣ በድምሩ 190 ይሆናል፤ መመለሱ ቁልቁል ነውና 60 ይበቃዋል። ጠዋት ወጥታ ማታ ስትመለስ 250 ዋት-ሰዓት በላች ማለት ነው። ባለ 360ው ይበቃታል? አዲስ እያለ አዎ። ግን ባትሪን እስከ መጨረሻው ጠብታ ማሟጠጥ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የሚይዘው ይቀንሳል። እኔ ብሆን 500 አካባቢ ያለውን እይዝላት ነበር። እዚህ ላይ ነው ቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው።

በዚሁ ስሌት «ከጎንደር ደባርቅ በአንድ ቻርጅ እገባለሁ» ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወለቃ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ከ1,300 ዋት-ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ባለ 720ው ዳባት ሳይደርስ መንገድ ላይ ያስቀምጣችኋል፤ ሞተሩ የቆመ 25 ኪሎ ብስክሌት በዚያ ዳገት መግፋት ደግሞ የሚመኙት ነገር አይደለም። ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ አስጭኑ፤ ባትሪውን ነቅላችሁ እናንተው ያዙት። ደባርቅ ስትደርሱ እዚያ ንዱት። እንዲያውም የሰሜን ተራሮችን ለሚያስጎበኙ ልጆች ይህ ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል ብዬ አስባለሁ፤ ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ ጭላዳውንም አያስበረግግም።

የባትሪው ዓይነትስ? የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ቶሎ ይደክማል። ለሜዳ ከተማ ምንም አይደል፤ ለእኛ እያንዳንዷ ኪሎ ዳገት ላይ ዋጋ ታስከፍላለች። ሊቲየም ውሰዱ። ከሊቲየሞቹ ደግሞ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ትንሽ ቢከብድም ብዙ ጊዜ ቻርጅ መደረግን ይችላል፣ በቀላሉም እሳት አይነሳበትም። ቤቱ ውስጥ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ስለ ማጭበርበሩ አንድ ዘዴ ላሳያችሁ። ላዩ ላይ 48 ቮልት፣ 20 አምፒር-ሰዓት የሚል ባትሪ በእውነት ያንን የሚይዝ ከሆነ 5 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መመዘን አለበት። ሚዛን ላይ አውጡት። 3 ኪሎ ከሆነ ከውስጥ የጎደለ ነገር አለ። የሥጋ ቤት ሚዛንም ቢሆን ይሠራል።

ቻርጅ ማድረጊያ ቦታችሁንም አስቡ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ሰዎች ባትሪው የማይነቀል ብስክሌት ከገዛችሁ በየማታው 25 ኪሎ ልትሸከሙ ነው። የሚነቀል ይሁን፤ ቁልፍም ይኑረው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንዴ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉ፣ ሲመጣም እስኪረጋጋ ትንሽ ቆዩ። ከራሱ ቻርጀር ውጭ የጎረቤት ቻርጀር አትሰኩበት። አልጋ አጠገብ፣ መውጫ በር ላይም ሆነ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ቻርጅ አታድርጉ። የሊቲየም እሳት ከተነሳ በባልዲ ውሃ የሚመለስ አይደለም።

የደባርቅና የዳባት ሰዎች ደግሞ ጆሮ ስጡኝ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይድንም። ብስክሌቱ በረት ውስጥ ይደር፣ ባትሪው ግን ከእናንተ ጋር ቤት ይግባ። ጠዋት ከብርዱ የተነሳ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመድ ለምትጠብቁ ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። «ወንድሜ ሲመጣ ብስክሌቱን በሻንጣ ያመጣልኛል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ በሻንጣም ሆነ በእጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የብስክሌት ባትሪ ደግሞ ሁሉም ከዚያ በላይ ነው ማለት ይቻላል። ቢመጣም ፍሬሙ ይመጣል፣ ባትሪው ኤርፖርት ይቀራል። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀርም ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ፣ ለ110 ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ የእኛ 220 ቮልት ገና ስትሰኩት ያነደዋል።

አራተኛው ነጥብ ቁልቁለቱ ነው። የወጣ መውረዱ አይቀርም፤ ሕይወት የሚያጠፋው ደግሞ መውረዱ ነው። መጀመሪያ አንድ ወሬ ከመንገዳችን እናንሳ፤ «ቁልቁለቱን ስትወርድ ባትሪው ራሱ ይሞላል» ይባላል። ይህ የሚሠራው ውስጡ ጥርስ በሌለው፣ ትልቅና ከባድ የቸርኬ ሞተር ላይ ነው፤ እሱም የሚመልሰው ጥቂት ነው። በገበያው የሚበዙት ትንንሾቹ ቁልቁል ሲሄዱ ዝም ብለው ይንከባለላሉ፤ ምንም አይሞሉም።

ስለዚህ የሚያቆማችሁ ፍሬኑ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከተራው እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ቸርኬውን ዳርና ዳር የሚነክሰው የላስቲክ ፍሬን በክረምት ዝናብ እርጥብ ሆኖ ከፒያሳ ቁልቁል ሊያቆማችሁ አይችልም። የዲስክ ፍሬን ይሁን፤ ከፊትም ከኋላም። በዘይት የሚሠራው በጣት ብቻ ይይዛል፤ ግን ሲበላሽ ዘይቱንና መሣሪያውን ሰፈር ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። በገመድ የሚሠራውን የሰፈር ጠጋኝ ሁሉ ያስተካክለዋል። እኔ ለጎንደር የገመዱን እመርጣለሁ፤ የፍሬን ሸራውንም ከብስክሌቱ ጋር አብሬ ሁለት ሦስት ጥንድ እገዛለሁ።

ጠጋኝን ካነሳሁ አይቀር፣ ፋብሪካው ምንም ያህል ዝነኛ ቢሆን መለዋወጫው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ካልተገኘ ለእናንተ እንግዳ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን ጎሚስታ ሄዳችሁ «ይህ ጎማ አለህ? የሞተሩን ቸርኬ ፈትተህ መግጠም ትችላለህ?» በሉት። ጎማው ለኮብልስቶን ወፈር ያለ፣ 2 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ለክረምቱም ባትሪውና ሽቦዎቹ ውሃ የማያስገቡ መሆናቸውን ጠይቁ፤ ብስክሌቱ ዝናብ ይችላል ማለት ግን ወንዝ ወስዳችሁ እንደ መኪና ታጥቡታላችሁ ማለት አይደለም። ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነም የትራንስፖርት መምሪያውን ሳትጠይቁ ብር አትክፈሉ፤ በተለይ ፔዳል የሌለውንና በጋዝ ብቻ የሚሄደውን የምትገዙ ሰዎች።

ከፊት ወንበር «ዋጋውስ?» የሚል ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቁጥር አልሰጣችሁም። ግን ስትደራደሩ የብስክሌቱን ብቻ አትጠይቁ፤ የትርፍ ባትሪውንም ዋጋ ጠይቁ። ባትሪው አንድ ቀን ይደክማል። ያን ቀን ሌላ ባትሪ ከሌለ ወይም ዋጋው ከብስክሌቱ ከበለጠ የገዛችሁት ብረት ነው። ሻጩ የባትሪውን ዋጋ መናገር ካልቻለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ከመክፈላችሁም በፊት ለሙከራ ውሰዱት። ሜዳ ላይ አይደለም፤ በየቀኑ በምትወጡት ዳገት ላይ፣ የምትጭኑትን ጭናችሁ። መሀል ላይ አቁሙና እንደገና አስነሱት። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከዚያ በዚያው መንገድ ቁልቁል ውረዱ፤ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ያዙ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ እጅ አውጡ፤ መብራቱ ሳይሄድብን።